አውሮፓን በባቡር ለመጀመሪያ ጊዜ ልትዞሩ ነው? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የአክስቴ ልጅ ግንቦት ላይ ከስቶክሆልም ደወለችልኝ። «የባቡር ፓሱን ገዛሁት! አሁን ወዴት ልሂድ?» አለችኝ። 23 ዓመቷ ነው፣ ሥራ ከጀመረች ገና ዓመት አልሞላትም፣ ያጠራቀመችውም ብዙ አይደለም። ደስታዋን ማቀዝቀዝ አልፈለግኩም፤ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ መንገዱ ይታወቃል፣ ፓስ የሚገዛው ከዚያ በኋላ ነው። ደግነቱ በስልክ የሚሠራው ፓስ ከተገዛ በኋላ በ11 ወር ውስጥ መጀመር ይቻላል፤ እሷም የመነሻ ቀኗን ገና አልሞላችም ነበር። ስለዚህ ቁጭ ብለን እንደ አዲስ አሰብነው። ያኔ ያነሳቻቸው ነገሮች ከብዙ ሰው የምሰማቸው ናቸው። አንዳንዶቹን እኔም አምኜባቸው ገንዘቤን በልተውብኛል።

ለማታውቁት፣ ፓስ (ኢንተርሬይል ወይም ዩሬይል የሚባለው) ማለት በ33 አገሮች ውስጥ ለተወሰኑ የጉዞ ቀናት ባቡር የሚያሳፍር አንድ ትኬት ነው። ለምሳሌ በአንድ ወር ውስጥ የፈለጋችሁትን 4፣ 5 ወይም 7 ቀን መርጣችሁ ትጓዛላችሁ። በተከታታይ ለ15 ቀን፣ ለ22 ቀን ወይም ለወራት የሚያገለግልም አለ።

«ኢንተርሬይል ለአውሮፓ ዜጎች ብቻ ነው»

አይደለም። የሚታየው የመኖሪያ ቦታችሁ እንጂ ፓስፖርታችሁ ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዛችሁ ስዊድን ወይም ጣሊያን በሕጋዊ መንገድ የምትኖሩ ከሆነ የእናንተ ኢንተርሬይል ነው። ከአዲስ አበባ፣ ከዲሲ ወይም ከዱባይ የምትመጡ ደግሞ ዩሬይል የሚባለውን ትገዛላችሁ። የሚወስዷችሁ ባቡሮች ያው ናቸው። እስከ 27 ዓመት ያላችሁ ደግሞ የወጣት ዋጋ አላችሁ፤ እንዳያመልጣችሁ።

ኢንተርሬይል ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በምትኖሩበት አገር ውስጥ የሚሠራላችሁ ለመውጫ አንድ ጊዜ፣ ለመመለሻ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እነሱም ከጉዞ ቀናችሁ ይቆጠራሉ። እንደ ስቶክሆልም ወደ ሰሜን ርቆ ለሚኖር ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፤ የ5 ቀን ፓስ ከሆነ ሁለቱ ቀን በመውጣትና በመግባት አለቀ ማለት ነው።

«ፓስ ካለኝ ያገኘሁት ባቡር ላይ ወጥቼ እቀመጣለሁ»

በከፊል እውነት ነው፤ ሰውን የሚያሳስተውም ይሄው ነው። ጀርመን፣ ኦስትሪያ፣ ስዊዘርላንድ፣ ቤልጂየም እና ኔዘርላንድስ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ወጥቶ መቀመጥ ነው። ፈረንሳይ ቴዤቬ የሚባለው ፈጣን ባቡር ላይ፣ ስፔን ፈጣኖቹ ባቡሮች ላይ፣ ጣሊያን ፍሬቻሮሳ የሚባለው ፈጣን ባቡር ላይ እና ፓሪስን ከለንደን የሚያገናኘው ዩሮስታር ላይ ግን ፓስ ይዛችሁም የመቀመጫ ማስያዣ ለብቻው ትከፍላላችሁ። ጣሊያን ውስጥ ከ10 ዩሮ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ዩሮስታር ላይ ወደ 30 ዩሮ እና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ብሩ ብቻ አይደለም፤ ዩሮስታርም ሆነ ከፈረንሳይ ድንበር የሚሻገሩ ፈጣን ባቡሮች ለፓስ ተጓዥ የሚለቁት ወንበር ውስን ነው። ባቡሩ ግማሹ ባዶ ሆኖ እንኳ ለእናንተ «ሞልቷል» ሊባል ይችላል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከሆነ ደግሞ ከሳምንታት በፊት ነው መያዝ ያለበት።

መውጫ መንገድ አለው። የክልል ባቡር ማስያዣ አይጠይቅም። ከፍሎረንስ ሮም ፈጣኑ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል፣ የክልሉ ደግሞ ወደ አራት ሰዓት ይጠጋል፤ ግን ተጨማሪ ሳንቲም አይጠይቃችሁም፣ በዚያ ላይ ትንንሾቹን ከተሞች እያሳያችሁ ይሄዳል። እንደ ጣሊያኑ ኢታሎ እና እንደ ፈረንሳዩ ዊጎ ያሉ ባቡሮች ደግሞ ፓሱን ጭራሽ አይቀበሉም። የየከተማው ሜትሮም እንደዚያው።

ሌላው፣ ፓሱ ስልካችሁ ላይ ስላለ ብቻ አይበቃም። ባቡሩ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት የምትጓዙበትን ባቡር መተግበሪያው ውስጥ ማስገባት አለባችሁ፤ ተቆጣጣሪው የሚያነበው ኮድ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን የረሳ ሰው ትኬት እንደሌለው ተቆጥሮ ሊቀጣ ይችላል።

«ፓስ ሁልጊዜ ከትኬት ይረክሳል»

እስኪ ወረቀት አውጡ። የምትሄዱባቸውን መንገዶች አንድ በአንድ ጻፉ፣ አጠገባቸው የእያንዳንዱን የትኬት ዋጋ ጻፉ፣ ደምሩ። በሌላ በኩል የፓሱን ዋጋ ከማስያዣዎቹ ጋር ደምሩ። ከሁለት ከሦስት ወር በፊት ሲገዙት የጀርመንም የፈረንሳይም ረጅም መንገድ ትኬት በጣም ይወርዳል። ቼክና ፖላንድ ውስጥ በጉዞው ሰዓት የተገዛ ትኬትም ቢሆን ኪስ አይጎዳም። ሉክሰምበርግ ውስጥ ከ2020 ጀምሮ የሕዝብ ትራንስፖርት ነፃ ነው፣ ባቡሩን ጨምሮ። ጀርመን የምትኖሩ ደግሞ በየወሩ የሚከፈለው የዶቼላንድ ትኬት ካላችሁ አገሩን በሙሉ በክልል ባቡሮች ትዞሩበታላችሁ፤ ፈጣኖቹ ላይ ግን አይሠራም።

ታዲያ ፓስ መቼ ያዋጣል? መንገዱ ረጅም ሲሆን፣ ስዊዘርላንድን የመሰለ ውድ አገር ሲኖርበት፣ ቀኑን አስቀድማችሁ መቁረጥ ሳትችሉ ስትቀሩ። የአክስቴ ልጅ ሒሳቡን ስትሠራ ፓሱ እሷን አዋጣት፤ የወጣት ዋጋ ነበራት፣ የምታቋርጠውም ብዙ ነበር። አብሯት ሊሄድ የነበረው ጓደኛዋ ግን ፕራግ፣ ብራቲስላቫ እና ቡዳፔስትን ብቻ ስለፈለገ በተናጠል ትኬት ሄደ፣ በጣም ባነሰ ገንዘብ።

«ሼንገን ቪዛ ካለኝ ባቡሩ የሚሄድበት ሁሉ እሄዳለሁ»

ይሄኛውን በደንብ አንብቡት፤ እኛን ከሌላው ተጓዥ ይበልጥ የሚጎዳን እሱ ነውና። ፓሱ የሚሠራባቸው 33 አገሮች እና የሼንገን፣ ማለትም በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው፣ 29 አገሮች አንድ አይደሉም። እንግሊዝ፣ አየርላንድ፣ ሰርቢያ፣ ቦስኒያ፣ ሞንቴኔግሮ፣ ሰሜን መቄዶንያ እና ቱርክ ፓሱ ውስጥ አሉ፤ ሼንገን ውስጥ ግን የሉም። ከቡዳፔስት ወደ ቤልግሬድ መሄድ ካርታ ላይ ቅርብ ነው። ቪዛችሁ ለአንድ መግቢያ ብቻ ከሆነ ግን ሰርቢያ ብትገቡ እንኳ ተመልሳችሁ ሃንጋሪ መግባት አትችሉም። የአውሮፓ መኖሪያ ፈቃድ ቢኖራችሁም በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለንደን ለመግባት የእንግሊዝ ቪዛ ያስፈልጋል፤ ይህን ደግሞ ፓሪስ ባቡር ጣቢያ ላይ፣ ዩሮስታር ከመሳፈራችሁ በፊት ነው የሚያዩት።

ቪዛ የምትጠይቁ ከሆነ የምታመለክቱት ብዙ ቀን ለምትቆዩበት አገር ነው። ቀኑ እኩል ከሆነ መጀመሪያ ለምትገቡበት። ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ይገባል፣ ቢዘገይ ቢዘገይ 15 ቀን ሲቀረው፤ የአዋቂ ክፍያው 90 ዩሮ ነው፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የሕክምና ኢንሹራንስም ይጠየቃል። ባጀት ስትሠሩ እነዚህን ከባቡሩ በፊት አስቀምጧቸው።

መኖሪያ ፈቃድ ያላችሁ ደግሞ «ድንበር የለም» የሚለውን ቃል በቃል አትውሰዱት። ፖሊስ ባቡር ውስጥ ገብቶ ወረቀት ያያል። ጀርመን ከመስከረም 2024 ጀምሮ በሁሉም የየብስ ድንበሮቿ ቁጥጥር መልሳለች። ከሳልዝቡርግ ወደ ሙኒክ ስመጣ ፋጉኑ ውስጥ መጀመሪያ የተጠየቅነው እኔና አንድ ሶርያዊ አባት ነበርን። ደስ አይልም፤ ልብ ይነካል። ግን ፓስፖርቴም የመኖሪያ ካርዴም ኪሴ ውስጥ ስለነበሩ በሁለት ደቂቃ አለቀ። ሁለቱንም ያዙ፣ ፎቶ ኮፒ አይበቃም። የጥገኝነት ጉዳያችሁ ገና ውሳኔ ያላገኘ ከሆነ ግን በዚያ ወረቀት ድንበር አትሻገሩ፤ ጉዞው ይደርሳል።

«ሰዓት ማንበብ ማን ያቅተዋል?»

ኮሎኝ ጣቢያ፣ ከትልቁ ካቴድራል አጠገብ፣ አንድ ጠዋት ጓደኛዬን ስጠብቅ ቆምኩ። ከኔዘርላንድስ ነው የሚመጣው። ማታ በስልክ «ባቡራችን 2 ሰዓት ነው» ብዬዋለሁ። እኔ ያልኩት በእኛ አቆጣጠር የጠዋቱን 2 ሰዓት፣ ማለትም 08:00 ነው። እሱ ያደገው እዚያው ነውና 14:00 ብሎ ያዘው። ሰሌዳው ላይ የባቡራችን ስም ከላይ ወጣ፣ ብልጭ ድርግም አለ፣ ጠፋ። ስደውልለት ገና ቁርስ እየበላ ነበር። ሁለቱም ትኬቶች የማይለወጡት ርካሾቹ ነበሩና ሌላ መግዛት ግድ ሆነብን፤ የሦስት ቀን የምግብ ብራችን እዚያው ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ለማንም ሰው ሰዓቱን በአፍ አልነግርም። ትኬቱ ላይ እንዳለው 08:10 ብዬ በጽሑፍ እልካለሁ። ቀንም እንደዚያው ነው። 05/07 አውሮፓ ውስጥ ጁላይ 5 ነው፤ ከአሜሪካ ለሚመጣ ሰው ግን ሜይ 7 ይመስለዋል።

የጣቢያውንም ስም እስከ መጨረሻው አንብቡ። ፓሪስ ውስጥ ትልልቅ ጣቢያዎቹ ብዙ ናቸው። ከብራሰልስ የሚመጣው ጋር ዱ ኖር ያወርዳችኋል፣ ወደ ማርሴይ የሚሄደው ከጋር ደ ሊዮን ይነሳል፤ መሀላቸው በሜትሮ መሄድ አለ። ቴዤቬ ደግሞ በሩን የሚዘጋው ከመነሻው 2 ደቂቃ ቀደም ብሎ ነው። ጀርመን ውስጥ አንዳንድ ባቡር መንገድ ላይ ለሁለት ይከፈላል። ከበርሊን የሚመጣው ሃም ላይ ሲደርስ ግማሹ ወደ ኮሎኝ፣ ግማሹ ወደ ዱሰልዶርፍ የሚሄድበት ጊዜ አለ። የፋጉኑን ቁጥር እዩ፣ ካልገባችሁ አጠገባችሁ ያለውን ጠይቁ።

«የሌሊት ባቡር ላይ ካደርኩ የመኝታ ብር አተረፍኩ»

አንዳንዴ። ፓስ ቢኖራችሁም ለአልጋው ጭማሪ አለው፤ ብዙ ሰው የሚጋራበት ክፍል ውስጥ ተኝቶ መሄድ ከሆስቴል አልጋ በዋጋ የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ወንበር ብቻ ብትይዙ ይረክሳል፣ ግን ሳትተኙ አድራችሁ ቀኑን ሙሉ በድካም ታሳልፉታላችሁ። ጥሩው ነገር የቀን አቆጣጠሩ ነው። አርብ ማታ ከቪየና ተነስታችሁ ቅዳሜ ጠዋት ሮም ብትደርሱ የሚቆጠርባችሁ አርብ ብቻ ነው። ቅዳሜ ሌላ ባቡር ከቀየራችሁ ግን ቅዳሜም ተበላ።

«በሁለት ሳምንት አሥር ከተማ ማየት እችላለሁ»

ይቻላል። የምታዩት ግን ጣቢያና ሻንጣ ነው። ከተማ በቀየራችሁ ቁጥር የጉዞ ቀን ይሄዳል፣ ማስያዣ ይከፈላል፣ የመጀመሪያው ምሽት ምግብ በውድ ይገዛል፣ ምክንያቱም ርካሹ ሱቅ የት እንዳለ ገና አታውቁም። አንድ ቦታ ሦስት ሌሊት ስትቀመጡ ወጪው በራሱ ይወርዳል። የአክስቴ ልጅ ዝርዝር 11 ከተማ ነበረው፣ ወደ 5 አወረድነው። አኩርፋ ነበር።

«ሆስቴል ሴት ልጅ ብቻዋን የምታድርበት ቦታ አይደለም»

አክስቴ ናት ይሄን ያለችው፣ ስጋቷም ይገባኛል። ብዙ ሆስቴሎች ለሴቶች ብቻ የተለየ ክፍል አላቸው፣ በካርድ የሚከፈት በር፣ የእቃ ሳጥንም አላቸው። የራሷን ትንሽ ቁልፍ ትያዝ፤ ሳጥኑ አለ ማለት ቁልፉ አለ ማለት አይደለም። ሌላ ሴት ተጓዦች የጻፉትን አንብባ ትምረጥ። እድሜም አይከለክልም፤ የ60 ዓመት ሰዎች እዚያው ሻይ ሲያፈሉ ታገኛላችሁ። ብዙ ከተማ ውስጥ የእንግዳ ግብር የሚባል ትንሽ ክፍያ በየሌሊቱ ይጨመራል፣ ከአልጋው ዋጋ ውጭ።

«ምግቡ ነው የሚያራቁተው»

በየቀኑ ምግብ ቤት ከተቀመጣችሁ አዎ። እኛ ግን ስንቅ የሚባል ነገር እናውቃለን። በሶ እና ኮሎ ለባቡር ጉዞ የተፈጠሩ ይመስለኛል፤ አይበላሹም፣ እሳት አይፈልጉም፣ ቦታ አይዙም። የአክስቴ ልጅ በሶውን በውሃ ጠርሙሷ በጥብጣ ጠጥታ እስከ ከሰዓት ትሄድ ነበር። ሆስቴሉ ወጥ ቤት ካለው ደግሞ ሽሮ በአሥር ደቂቃ ይደርሳል። ከኢትዮጵያ በቀጥታ የምትመጡ ግን ቋንጣና ቅቤ አትያዙ፤ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ካለ አገር ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ መግባት ክልክል ነው።

እሁድ ጀርመንና ኦስትሪያ ሱቅ ዝግ ነው፣ ትልልቅ ጣቢያዎች ውስጥ ካሉት በቀር። ቅዳሜ ግዙ። ውሃ አትግዙ። ሮም ጎዳና ላይ ቀን ከሌት የሚፈሱት ትንንሽ የብረት ምንጮች ውሃቸው የሚጠጣ ነው፣ ቀዝቃዛም ነው።

«የሚያምረውን መንገድ ለማየት የቱሪስት ባቡሩን መክፈል አለብኝ»

የስዊዘርላንዱን በርኒና ኤክስፕረስ ፎቶ ያላየ የለም። ከኩር ተነስቶ ተራራውን አልፎ ጣሊያን ቲራኖ ይወርዳል። ትልልቅ መስኮት ላለው ለዚያ ባቡር ማስያዣ ይከፈላል። ግን እዚያው ሀዲድ ላይ፣ በዚያው ድልድይ፣ ተራ የአካባቢው ባቡርም ቀኑን ሙሉ ይመላለሳል። ማስያዣ የለውም፣ ፓሱ ይሠራል፤ የሚከፈት መስኮት ያለው ፋጉን ካገኛችሁ ደግሞ ያለ መስታወት ነጸብራቅ ፎቶ ታነሳላችሁ። ደስ ባላችሁ ጣቢያ ወርዳችሁ ቀጣዩን መጠበቅም ትችላላችሁ።

እሷም እንደዚያ አደረገች። ከፍተኛው ቦታ ላይ፣ ኦስፒዚዮ በርኒና ላይ ወርዳ፣ ከጣቢያው ሰሌዳ ሥር ቆማ ፎቶ ላከችልኝ። ሰሌዳው ላይ 2253 ሜትር ይላል። ከኋላዋ ሐይቁ፣ በረዶው፣ ቀዩ ባቡር። የተወለደችው ደብረ ብርሃን ነው። ከፎቶው ሥር «ከቤታችን ዝቅ ይላል፣ ብርዱ ግን ያው የእኛው ነው» ብላ ጽፋለች።