ሳይካዶ ምንድን ነው? የቆመ የኒውክሌር ሪአክተርን መልሶ የማስነሳት ነገር

የጃፓንን ዜና የሚከታተል ሰው «ሳይካዶ» የምትል ቃል ሳታጋጥመው አትቀርም። ፍቺዋ የቆመን ነገር መልሶ ሥራ ማስጀመር ነው። ዛሬ ግን ጃፓናውያን ቃሏን ሲሰሙ ቶሎ የሚመጣላቸው የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ነው። አንዳንዱ ሥራና ገቢ ይታየዋል፤ ሌላው ልቡ ድንግጥ ይላል።

ነገሩ ማብሪያ ማጥፊያ እንደ መጫን አይደለም። አንድን ሪአክተር፣ ማለትም አቶሞች እየተሰነጠቁ ሙቀት የሚወጣበትን የማመንጫውን ክፍል፣ ለማስነሳት ከአሥር ዓመት በላይ ሊፈጅ ይችላል። ለምን እንደሆነ ለመረዳት መጀመሪያ ለምን እንደቆሙ ማወቅ ያስፈልጋል። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማርች 11 ቀን 2011 መጠኑ 9.0 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ የጃፓንን ሰሜን ምሥራቅ መታ። በፉኩሺማ ዳይቺ የኒውክሌር ማመንጫ ሲሠሩ የነበሩት ሪአክተሮች ወዲያው በራሳቸው ቆሙ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም እንደታሰበው ነበር።

ምድጃ አጠገብ ያደገ ሰው ቀጣዩ ነገር ይገባዋል። ማታ እሳቱን በአመድ ዳፍናችሁ ትተኛላችሁ። ጠዋት አመዱን ገለጥ ስታደርጉ ፍሙ አለ። የሪአክተር ነዳጅም እንደዚያ ነው። የአቶሞቹ መሰንጠቅ ቢቆምም፣ ከተሰነጠቁት የተረፈው ነገር ሙቀት ማውጣቱን አያቆምም። በቆመበት ቅጽበት ሙቀቱ ከሙሉ ኃይሉ ከ6 እስከ 7 በመቶ ይሆናል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ግን ውኃ ሳያቋርጥ ካልዞረበት ነዳጁን ለማቅለጥ ይበቃል። ውኃውን የሚያዞረው ፓምፕ ደግሞ መብራት ይፈልጋል።

መንቀጥቀጡ የመብራት መስመሩን አቋረጠው። የናፍጣ ጄኔሬተሮች ተነሱ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሱናሚው ደረሰ። አብዛኞቹ ጄኔሬተሮች ያሉት ከመሬት በታች ባለ ክፍል ስለነበር ውኃ ዋጣቸው። ሦስት ሪአክተሮች ቀለጡ። ዛሬም በውስጣቸው 880 ቶን ገደማ የሚገመት የቀለጠ ነዳጅና ፍርስራሽ አለ። በ2024 መጨረሻ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው ናሙና አንድ ግራም እንኳ አይሞላም። ይህን ቁጥር ሳስብ ሁሌም ይከብደኛል።

ከአደጋው በፊት 54 ሪአክተሮች ነበሩ። አንድ በአንድ ቆሙ። ከ2013 ሴፕቴምበር ጀምሮ ለሁለት ዓመት ያህል አንድም አልሠራም። ከአደጋው በኋላ በወጣው አዲስ የደህንነት ደንብ የመጀመሪያው ሳይካዶ የተካሄደው በ2015 ኦገስት፣ በካጎሺማ በሚገኘው የሴንዳይ ማመንጫ ነው። እስከ 2024 መጨረሻ 14 ሪአክተሮች ተነስተዋል።

መንግሥት የሚቸኩልበት ምክንያት ይገባል። ጃፓን ዘይትና ጋዟን ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ከውጭ ትገዛለች። የዩክሬን ጦርነት ሲመጣ ዋጋው ሰማይ ነካ። በ2025 የጸደቀው ዕቅድ በ2040 ከሚመነጨው ኃይል 20 በመቶ ያህሉ ከኒውክሌር እንዲመጣ ይፈልጋል።

መፈለግ ብቻ ግን አይበቃም። በ2012 የተቋቋመው የኒውክሌር ቁጥጥር ባለሥልጣን የማመንጫውን ባለቤት ኩባንያ የመሬት መንቀጥቀጥና የሱናሚ ግምት እንደ አዲስ ይመረምራል። በ2024 የሱሩጋ ማመንጫን 2ኛ ሪአክተር ከሥሩ የሚንቀሳቀስ የመሬት ስንጥቅ ሊኖር ይችላል ብሎ አይሆንም አለው። በአዲሱ ደንብ የመጀመሪያው እምቢታ ነበር።

ከዚያ ሰው አለ። የአካባቢውን ስምምነት ማግኘት በሕግ አልተጻፈም። ቢሆንም ከንቲባውና አገረ ገዥው እሺ ሳይሉ የሚነሳ ሪአክተር የለም ማለት ይቻላል። ካሺዋዛኪ ካሪዋን እንውሰድ። በኒጋታ ግዛት ባሕር ዳር ያለ፣ ሰባት ሪአክተሮች ያሉት፣ በዓለም ትልቁ የኒውክሌር ማመንጫ ነው። ሙሉ አቅሙ 8,200 ሜጋ ዋት ያህል ነው፤ የእኛ ህዳሴ ግድብ 5,150 ነው። ኃይሉ ግን የሚሄደው ወደ ቶኪዮና አካባቢዋ ነው። ባለቤቱም ያው የፉኩሺማው ኩባንያ፣ ቴፕኮ ነው። በ2020 አንድ ሠራተኛ በባልደረባው መታወቂያ ወደ መቆጣጠሪያ ክፍል መግባቱ ታወቀ። ሌሎች የጥበቃ ጉድለቶችም ተገኙ፤ ማመንጫው ከ2021 እስከ 2023 መጨረሻ ታገደ።

በ30 ኪሎ ሜትር ዙሪያው ከ400,000 የሚበልጥ ሰው ይኖራል፤ አደጋ ቢደርስ መሸሽ ሊኖርበት ይችላል። ክረምት ላይ በረዶው ከባድ ነው። በ2024 የመጀመሪያ ቀን ብዙም በማይርቀው በኖቶ ልሳነ ምድር የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደርስ መንገዶች ተሰነጣጥቀው መንደሮች ተቆርጠው ቀሩ። የኒጋታ ሰው «መብራቱ ለቶኪዮ፣ ሥጋቱ ለእኛ?» ብሎ ቢጠይቅ ማን ይፈርድበታል? አገረ ገዥው በመጨረሻ በ2025 ኖቬምበር እሺ አሉ።

ጥያቄው ለእኛም ሩቅ አይደለም። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ኢትዮጵያ የኒውክሌር ማመንጫ ለመገንባት ሞስኮ ላይ ከሩሲያ ጋር የድርጊት መርሐ ግብር ተፈራርማለች። ስለ ሜጋ ዋቱ ብቻ ሳይሆን ስለ ጎረቤቶቹም ከአሁኑ ብንነጋገር ደስ ይለኛል።

ከሁሉም አብልጬ የማስበው ግን ኦናጋዋን ነው። ይህ ማመንጫ ለመንቀጥቀጡ መነሻ ከፉኩሺማ ይልቅ ይቀርብ ነበር። ሱናሚው እዚያ 13 ሜትር ገደማ ደርሷል። ማመንጫው ግን ተረፈ። ሲታቀድ ያኖሱኬ ሂራይ የሚባሉ መሐንዲስ የጥንት ሱናሚዎችን አስበው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ካልሆነ ብለው ሙጭጭ ስላሉ፣ የተሠራው 14.8 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ሂራይ ያን ቀን ለማየት በሕይወት አልነበሩም። ቤታቸው የተወሰደባቸው ከ300 በላይ የአካባቢው ሰዎች ግን ማመንጫው ግቢ ውስጥ ባለው የስፖርት አዳራሽ ተጠልለው ሰነበቱ።

ኦናጋዋ 2ኛ ሪአክተሩን ያስነሳው በ2024 ኦክቶበር፣ ከ13 ዓመት በኋላ ነው። የባሕር ግንቡ አሁን ከባሕር ወለል በላይ 29 ሜትር ይደርሳል። እዚያም ቢሆን በአጎራባቿ የኢሺኖማኪ ከተማ የሚኖሩ ሰዎች ፍርድ ቤት ሄደው ነበር። የከሰሱት በግንቡ አይደለም። የመሸሻ ዕቅዱ አይሠራም፣ አደጋ ቢመጣ በየት እንወጣለን ነው ያሉት። ፍርድ ቤቱ ክሱን ውድቅ አደረገው።