ከእርሾ እስከ ክትፎ፦ የምግብ ማይክሮባዮሎጂ በመሀል አዲስ አበባ

ከ4 ኪሎ እስከ ፒያሳ በእግር ብትሄዱ ጭማቂ ቤት፣ ልኳንዳ፣ ኬክ ቤት፣ እንጀራ የሚሸጥበት ሱቅ ታያላችሁ። አንዱንም ያለ ረቂቅ ነፍሳት ማሰብ አይቻልም። አንዳንዱ የሚሸጠው ምግብ በእነሱ የተሠራ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ከእነሱ ጋር ሩጫ ላይ ነው።

የምግብ ማይክሮባዮሎጂ ባክቴሪያ፣ እርሾ፣ ሻጋታና ቫይረስ የምንበላውን ነገር ምን እንደሚያደርጉት የሚያጠና ሙያ ነው። በዚህ ሙያ ደህንነትና ጥራት ይለያያሉ። የተበላሸ ወተት ይሸታል፣ ይረጋል፣ ይመራል። ሳልሞኔላ የሚባለው በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ያለበት ወተት ግን ምንም ላይሸት ይችላል። አሽትተን የምንደፋው ምግብ ብዙውን ጊዜ የጥራት ችግር ያለበት ነው። አልጋ ላይ የሚያስተኛን ደግሞ አሽትተን «ምንም አልሆነም» ያልነው ነው። እኔም አንድ ሰርግ ላይ እንዲህ ብዬ ሁለት ቀን ተኝቻለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ግምት በዓለም ላይ በየዓመቱ 600 ሚሊዮን ሰው በምግብ ምክንያት ይታመማል፤ 420,000 ያህሉ ይሞታል።

ከተማችን ለዚህ ሙያ የሰፈር ስም እንኳ ሰጥታለች። የታክሲ ረዳቱ «ፓስተር! ፓስተር!» ብሎ ሲጣራ ስንታችን ነን ሉዊ ፓስተርን የምናስበው? ሰውየው ወይንና ቢራ ለምን እንደሚበላሽ ሲመረምር ነው ዛሬ በስሙ የሚጠራውን የማሞቅ ዘዴ ያገኘው። ጉለሌ ያለው ሰፈር ስሙን የወሰደው እዚያ ከነበረው የፓስተር ኢንስቲትዩት ነው። ዛሬ በዚያ አካባቢ ያለው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው።

ትምህርቱ ደግሞ በዋናነት 4 ኪሎ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ሳይንስ ግቢ ማይክሮባዮሎጂም የምግብ ሳይንስም ይሰጣል። በሀገራችን ባህላዊ ምግብና መጠጥ ማይክሮባዮሎጂ ላይ ለረጅም ዓመታት ከሠሩት መካከል ፕሮፌሰር ሞገሴ አሸናፊ በሰፊው ይታወቃሉ። ተማሪዎች የመመረቂያ ጥናት ሲያስቡ ርዕስ ፍለጋ ሩቅ አይሄዱም። ከግቢው በር ውጭ ያለው ሁሉ ናሙና ነው።

መጀመሪያ እንጀራውን እንይ። የጤፍ ዱቄት በውሃ ይቦካና ካለፈው ሊጥ የተቀመጠ እርሾ ይጨመርበታል። እርሾ የምንለው ከሊጡ ላይ የሚጠልለው ቢጫ ውሃ ነው። ውስጡ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎችና ልዩ ልዩ የእርሾ ዓይነቶች ተቃቅፈው ይኖራሉ። ሁለት ሦስት ቀን ሲቀመጥ ይኮመጥጣል፤ አሲዱም ብዙዎቹን በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች እንዳይራቡ ያደርጋል። ከዚያ አብሲት ይጣላል። ከሊጡ ትንሽ ተቀንሶ በፈላ ውሃ ይበስልና ተመልሶ ይቀላቀላል። የበሰለው ስታርች ለእርሾው የሚበላው ነገር ይሰጠዋል፤ ሊጡ ኩፍ ይላል፣ እንጀራውም ዓይን ያወጣል። እናቶቻችን ማይክሮስኮፕ ሳያዩ የደረሱበት ነው። በእኔ ግምት ከከተማው ምግብ ሁሉ ይህን ያህል ራሱን የሚጠብቅ የለም።

ግን ጥበቃው እስከ ምጣዱ ድረስ ነው። ምጣዱ ሻጋታውን ይገድላል። እንጀራው ወጥቶ ሰፌድ ላይ ሲቀዘቅዝ፣ ላስቲክ ውስጥ ሲገባ፣ ሱቅ ሲደረደር አዲስ ዘር ይወርድበታል። እርጥበቱ ብዙ ነው፤ ሻጋታ ደግሞ ኮምጣጣ ነገር አይጠላም። ስለዚህ በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ነጩም አረንጓዴውም ብቅ ይላል። ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ፔኒሲሊየምና ራይዞፐስ ይበዛሉ፤ ሞቅ ሲል አስፐርጂለስ ናይጀር ይቀድማል። በትኩሱ ላስቲክ ውስጥ ማሰር ደግሞ ላቡን አጠራቅሞ ነገሩን ያፋጥነዋል። በነገራችን ላይ፣ እንጀራ ላይ ጀሶ ተጨመረ የሚለው ወሬ የዚህ ሙያ ጉዳይ አይደለም፤ እሱን ኬሚስቶች ይጨነቁበት።

አሁን ደግሞ አንድ የክትፎ ናሙና ላብራቶሪ ገባ እንበል። 25 ግራም ይመዘንና 225 ሚሊ ሊትር ፔፕቶን ውሃ (ለባክቴሪያ የሚመች ፈሳሽ) ተጨምሮበት ከረጢት ውስጥ በደንብ ይታሻል። ከዚህ 1 ሚሊ ሊትር ወደ 9 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ እንደገና፣ አሁንም እንደገና። በየደረጃው አሥር እጥፍ ይቀጥናል። ከእያንዳንዱ 1 ሚሊ ሊትር ፔትሪ ዲሽ በሚባል ጠፍጣፋ ሳህን ላይ ይደረግና ለብ ያለ አጋር፣ ማለትም ሲቀዘቅዝ የሚረጋ የባክቴሪያ ማሳደጊያ፣ ይፈስበታል። 48 ሰዓት ኢንኩቤተር (ሙቀቱ የተስተካከለ ሳጥን) ውስጥ ያድራል። ከዚያ ቆጠራ ነው፤ እስኪርቢቶ ይዞ ባክቴሪያ ተራብቶ የሠራትን እያንዳንዷን ነጥብ ከዲሹ ጀርባ ምልክት ማድረግ። ከ30 እስከ 300 ያለው ዲሽ ይቆጠራል፤ ከዚያ በላይ ዓይን አይችለውም። አራተኛው ማቅጠኛ (አሥር ሺህ እጥፍ የቀጠነው) ላይ 84 ነጥብ ከተገኘ በአንድ ግራም ክትፎ ውስጥ 840,000 ባክቴሪያ ነበር ማለት ነው። መብራት ሄዶ ጀነሬተር ካልተነሳ ሥራው ከዜሮ ይጀመራል።

ይህ ቁጥር የጽዳቱን ሁኔታ ይናገራል እንጂ ያሳምማል አያሳምምም አይልም። ሳልሞኔላ ለብቻው ይፈለጋል፤ በ25 ግራም ውስጥ አንድም እንዳይገኝ ነው የሚጠበቀው። እሱን በሌላ መረቅ አበልጽጎ፣ በሌላ አጋር ላይ ዘርግቶ፣ አረጋግጦ ውጤት ለመስጠት እስከ አምስት ቀን ይወስዳል። ክትፎው እስከዚያ ተበልቶ ተረስቷል። ስለዚህ ምርመራው የሚጠቅመው የቤቱን አሠራር ለማወቅ ነው፦ ቢላው፣ መክተፊያው፣ የቆራጩ እጅ።

በፋሲካ ማግስት «ያሳምማል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ይብሳል። 55 ቀን ተጾሞ ቁርጥ ላይ ይወረዳል። ሚጥሚጣውም አረቄውም ባክቴሪያውን «ይገድለዋል» ይባላል። አይገድለውም። ለብ ለብም ቢሆን እጅ የማያቃጥል ሙቀት ባክቴሪያ ይመቸዋል እንጂ አይጎዳውም። ኢ. ኮላይ የሚባለው የአንጀት ባክቴሪያ ሲመቸው በ20 ደቂቃ እጥፍ ይሆናል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት አንድ የነበረው ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን ሁለት ሚሊዮን ያልፋል። የኮሶ ትል ሌላ ጣጣ ነው፤ ረቂቅ ነፍሳት ውስጥ ስለማይቆጠር እዚህ አላነሳውም።

ወተት ላይ የድሮ ሰው ብልሃት ነበረው። ቅሉን በወይራ ያጥናል፤ ጭሱ መዓዛም ይሰጣል፣ ባክቴሪያም ያዳክማል። የአሁኑ ራስ ምታት ከመኖው ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ከአዲስ አበባና ዙሪያዋ በተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች ሁሉ አፍላቶክሲን ኤም1 የተባለ ከሻጋታ የሚመጣ መርዝ አግኝቷል። ዋናው መነሻ ሻጋታ የያዘው የኑግ ፋጉሎ ነበር። ሻጋታው መርዙን ፋጉሎው ላይ ይተዋል፤ ላሚቱ ትበላዋለች፤ በወተቷ ይወጣል። ማፍላት ይህን መርዝ አያጠፋውም።

ስለ ጭማቂ አጭር ነገር ልበል። ሎሚና ብርቱካን አሲዳቸው ይጠብቃቸዋል። አቮካዶ ግን አሲድ የለውም ማለት ይቻላል። ስፕሪስ ስታዙ ታችኛው አረንጓዴ ድርብ ለባክቴሪያ ምቹው ክፍል ነው። በላዩ ላይ ያልታጠበ መፍጫና የተጨመረ ውሃ ካለ፣ በቃ።

የቁጥጥሩ ሕግ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሲሆን በፌዴራል ደረጃ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ያስፈጽመዋል። ምግብ ቤቶቹን በቅርበት የሚያዩት ግን የከተማው ተቆጣጣሪዎች ናቸው።

አዲስ አበባ ለሚሠራ ሰው አንድ የተለየ ነገር አለ፤ ከፍታው። ከተማዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ወተት ለማፍላት ይህ ይበቃል፤ ለፓስተራይዜሽን የሚፈለገው 72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ ነው። ስፖር (ሙቀት የሚቋቋም ዘር መሰል ነገር) የሚሠሩ ባክቴሪያዎች ግን ከዚህም ይተርፋሉ፤ እነሱን የሚጨርሳቸው ኦቶክሌቭ፣ በእንፋሎት ግፊት የሚያመክነው የላብራቶሪ ድስት፣ ነው። ከውጭ የመጣ መጽሐፍ 121 ዲግሪ ለማግኘት የግፊት መለኪያው 15 ፒኤስአይ ያሳይ ይላል። ያ ባሕር ዳርቻ ላለ ሰው ነው። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ መርፌው 18 አልፎ መሄድ አለበት። አዲስ ተማሪ ይህን ካልሰማ 15 ላይ ይዘጋዋል። ውስጡ ያለው ባክቴሪያ ሁሉ ሞቷል ብሎ የሚያወጣው አጋር በሁለተኛው ቀን በራሱ ጊዜ ነጥብ ነጥብ ያወጣል።