«ሦስት ቀን ካለፈሽ አበቃ» ያለሽ ማነው?

አዋላጅ ነርስ ነኝ፣ ደሴ ውስጥ። በሥራዬ እንደዚህ ወሬ የታከተኝ ነገር የለም፦ «ፖስት ፒል ካመለጠሽ ሌላ መላ የለም፣ አላህ ያውቃል ብለሽ ጠብቂ።» ፖስት ፒል ያው ያለ መከላከያ ግንኙነት ከተፈጸመ በኋላ እርግዝና እንዳይመጣ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚዋጠው ክኒን ነው።

መላ አለ። ሉፕ። አዎ፣ ያው መዳብ የተጠቀለለበት፣ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕ። ያለ መከላከያ ግንኙነት ከተፈጸመ በ5 ቀን ውስጥ ከገባ ከ100 ሴቶች ከ99 በላይ የሚሆኑት አያረግዙም። ከየትኛውም ክኒን ይበልጣል።

አንዲት የኮምቦልቻ ልጅ ነበረች፣ የፋብሪካ ሠራተኛ። እሁድ ማታ ኮንዶም ተቀደደባቸው። ሰኞና ማክሰኞ ከፈረቃ መውጣት አልቻለችም፣ ረቡዕ አፈረች። ሐሙስ ጠዋት ፋርማሲ ሄደች፤ «አልፎሻል» አሏት፣ በቃ። ደሴ አክስቷ ጋ ልታለቅስ ሚኒባስ ተሳፈረች። አክስትየው እጇን ይዘው እኔ ጋ አመጧት። አብረን በጣት ቆጠርን፦ ሰኞ ማታ አንድ፣ ማክሰኞ ሁለት፣ ረቡዕ ሦስት። ሐሙስ ከሰዓት ነው፣ አራት እንኳ አልሞላም። «አብሽሪ፣ ገና ነሽ» አልኳት። ሽንቷን መረመርን፣ ኢንፌክሽን እንደሌለባት አየሁ፣ አስገባሁላት። ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ቆረጣት፣ ጥርሷን ነከሰች፣ ትንሽ ተኝታ ሄደች። በወሩ ደወለች፤ የወር አበባዋ መጥቷል፣ «ግን ምነው እንዲህ በዛ?» ብላ ተነጫነጨችብኝ። መጀመሪያዎቹ ወራት ላይ ይበዛል፣ ቁርጠትም አለው። ነግሬያት ነበር፤ ማን ይሰማል!

72 ሰዓት የክኒኑ ቁጥር ነው። ክኒኑ እንቁላል እንዳይወጣ ያዘገያል፤ በዘገየሽ ቁጥር አቅሙ ይወርዳል፣ እንቁላሉ ቀድሞ ከወጣ ደግሞ አይረዳሽም። የቲቢ መድኃኒት ሪፋምፒሲን የምትወስድ ሴት ላይም ይደክማል። መዳቡ ይሄ ሁሉ ጣጣ የለበትም።

«ፅንስ ያስወርዳል» ይላሉ። አያስወርድም። መዳቡ የወንዱን ዘር አቅም ያሳጣዋል፣ እንቁላሉ ጋ አይደርስም። እርግዝና ቀድሞ ካለ እኛም አናስገባም፤ ሽንት የምንመረምረው ለምን መሰለሽ?

«ያልወለደች አይገባላትም።» ይገባላታል።

«መካን ያደርጋል።» ሲወጣ ታረግዣለሽ። ካልፈለግሽ ደግሞ ተይው፣ 10 ዓመት ይሠራል።

«ወደ ልብ ይወጣል።» ይሄን ስሰማ መሳቅም ይከብደኛል። አንዳንዴ ተንሸራቶ ከማህፀን ሊወጣ ይችላል፤ እጅግ አልፎ አልፎ ማህፀን ሊበሳም ይችላል፣ አልደብቅሽም። ከማህፀን ወደ ልብ ግን መንገድ የለም።

ኤችአይቪንና የአባላዘር በሽታን አይከላከልም፤ እዚህ ላይ ወሬው ልክ ነው። ተገደሽ ከሆነ ደግሞ ሰዓት አትቁጠሪ፣ ያኔውኑ ሆስፒታል ሂጂ። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒቱ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት።

5 ቀን አለኝ ብለሽም አትተኚ። ሉፕ የሚያስገባ ባለሙያ በየቀኑ ላይኖር ይችላል፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ይብሳል። ጤና ጣቢያ ስትደርሺ «ለቤተሰብ ምጣኔ ነው» ብለሽ ወረፋ አትያዢ። «ድንገተኛ ነው፣ ሉፕ ነው የምፈልገው፣ የሆነው እሁድ ማታ ነው» በዪ። ለሚቀጥለው ሳምንት ከቀጠሩሽ አትነሺ፤ ቀኑን በጣታቸው አስቆጥሪያቸው።