የትምህርት ቆይታ አበል በብሪታንያ

የትምህርት ቆይታ አበል ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች ልጆች 16 ዓመት ከሞላቸው በኋላ ትምህርታቸውን እንዳያቋርጡ በብሪታንያ የሚከፈል ሳምንታዊ ድጋፍ ነው። ተማሪዎቹ በእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃሉ «ኢኤምኤ» ይሉታል። እንግሊዝ በ2011 ሰርዛዋለች፤ ስኮትላንድ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ ግን አሁንም ይከፍላሉ። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሙከራው በ1999 በ15 የእንግሊዝ አካባቢዎች ተጀመረ። በዚያን ጊዜ የግዴታ ትምህርት በ16 ዓመት ያበቃ ስለነበር፣ ቤቱ የጎደለበት ልጅ ደብተሩን አስቀምጦ ሥራ ፍለጋ ቢወጣ የሚከለክለው ሕግ አልነበረም። ገንዘቡ ለወላጅ ይሰጥ ወይስ ለልጁ የሚለውም በሙከራው ተፈትሿል። በ2004 አበሉ በመላ አገሪቱ ሲዘረጋ በቀጥታ በልጁ የባንክ ሒሳብ እንዲገባ ተደረገ።

በእንግሊዝ በመጨረሻዎቹ ዓመታት የቤተሰቡ ዓመታዊ ገቢ ከ20,817 ፓውንድ ያልበለጠ ተማሪ በሳምንት 30 ፓውንድ ያገኝ ነበር። ገቢው እስከ 25,521 ለሚደርስ 20፣ እስከ 30,810 ለሚደርስ ደግሞ 10 ፓውንድ ይከፈል ነበር። ክፍያው ከስም መጥሪያ መዝገብ ጋር የተሳሰረ ነበር። ሐሙስ ጠዋት የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ልጅ፣ አራቱን ቀን ሙሉ ቢማርም የዚያ ሳምንት ገንዘብ አይገባለትም ነበር። ገንዘቡ ከገባ በኋላ ግን ለአውቶብስ ይዋል ለምሳ የሚጠይቀው አልነበረም። ወላጆቹ ከሚያገኙት ሌላ ድጎማም ሆነ እሱ ቅዳሜ ሱቅ ውስጥ ሠርቶ ከሚያገኘው ላይ የሚቀነስ ነገርም አልነበረም። በእኔ እይታ የአበሉ ጥንካሬ እዚህ ላይ ነው፤ ልጁ መስከረም ሳይጠባ ስንት እንደሚያገኝ ያውቃል፣ አውቆም ይወስናል።

በ2010 ሥልጣን የያዘው ጥምር መንግሥት የበጀት ጉድለት ለመሙላት ወጪ ሲቀንስ፣ በጥቅምት ወር አበሉ እንደሚቀር አስታወቀ። የትምህርት ሚኒስትሩ ማይክል ጎቭ ነበሩ። በዓመት 560 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ይወጣበት ነበር። የመንግሥት ዋና መከራከሪያ አንድ የዳሰሳ ጥናት ነው፦ አበሉን ከሚያገኙት ተማሪዎች ያለ እሱ አልማርም ነበር ያሉት 12 በመቶ ብቻ ናቸው፤ ስለዚህ የቀረው ገንዘብ ያለ አበሉም ለሚማር ልጅ የሚባክን ነው ተባለ። የፊስካል (የመንግሥት ገቢና ወጪ) ጥናት ተቋም ተመራማሪዎች በዚህ አልተስማሙም። በሙከራው አካባቢዎች አበሉ በትምህርት ላይ የሚቆዩትን ቁጥር በግልጽ ከፍ እንዳደረገና እነዚህ ልጆች ወደፊት የሚያገኙት የተሻለ ደመወዝ ወጪውን ሊያካክስ እንደሚችል አሳይተው ነበር። ደግሞስ ያለ አበሉም ይማር የነበረው ልጅ ምሳውን እየዘለለ ወይም ማታ ማታ እየሠራ ይማር እንደሆነ ያ አንድ ጥያቄ አይነግረንም። በዚያው ዓመት መጨረሻ የዩኒቨርሲቲ ክፍያ ጭማሪን ተቃውመው አደባባይ ከወጡት መካከል አበላችን አይነካ የሚሉ ታዳጊዎችም ነበሩ። አዲስ ማመልከቻ መቀበል ከጥር 2011 ጀምሮ ቆመ።

በምትኩ የመጣው 180 ሚሊዮን ፓውንድ የተመደበለት የድጋፍ ፈንድ ነው። በአካባቢ አስተዳደር እንክብካቤ ሥር ላሉ ወይም ከዚያ ለወጡ ልጆችና ለጥቂት ሌሎች ቡድኖች በዓመት እስከ 1,200 ፓውንድ ተወሰነ። ያለ ወላጅ ብሪታንያ ደርሰው ጥገኝነት የጠየቁ ታዳጊዎች፣ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ጭምር፣ በእንክብካቤ ሥር ስለሚገቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚታዩት በዚህ ምድብ ነው። የተቀረው ገንዘብ ለትምህርት ቤቶችና ለኮሌጆች ይከፋፈላል፤ ለማን፣ ስንት፣ በምን መልክ እንደሚሰጥ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። አንዱ ኮሌጅ የአውቶብስ ትኬት ይገዛል፣ ሌላው የምሳ ወጪ ይሸፍናል፣ ሦስተኛው ጥሬ ገንዘብ ይሰጣል። መብት የነበረው ነገር ችሮታ ሆነ ቢባል ማጋነን አይመስለኝም። እንግሊዝ ደግሞ በትምህርት ወይም በሥልጠና ላይ የመቆየት ግዴታን በ2013 ወደ 17፣ በ2015 ወደ 18 ዓመት ከፍ አደረገች፤ ግዴታው የመጣው አበሉ ከሄደ በኋላ መሆኑ ነው።

አበሉን ያቆዩት ሦስቱም የ10 እና የ20 ፓውንድ እርከኖችን አስቀርተው 30ውን ብቻ ይዘው ቀጠሉ። ያ 30 ፓውንድ በ2004 ከነበረበት ሳይነቃነቅ ኑሮው ጥሎት ሄደ። ጭማሪ ያደረገችው ዌልስ ናት፤ በሚያዝያ 2023 ወደ 40 ፓውንድ አሳደገችው።

የዌልስ አበል የሚከፈለው በመኖሪያ አድራሻ እንጂ በትምህርት ቤቱ አድራሻ ስላልሆነ፣ ድንበሩ ላይ እንግዳ ነገር ይታያል። እንግሊዝ ውስጥ ባለችው በቼስተር ሁለት ልጆች አንድ ክፍል ሊማሩ ይችላሉ። ከዌልሷ ሬክስሃም በባቡር የሚመላለሰው የቤተሰቡ ገቢ ለአበሉ ከተወሰነው ጣሪያ በታች ከሆነ በሳምንት 40 ፓውንድ ያገኛል። የቼስተሩ ልጅ፣ የቤታቸው ገቢ እኩል ቢሆንም፣ ለኮሌጁ ቅጽ ሞልቶ መልስ ይጠብቃል።