ከአልማዝ ባለጭራ በኋላ የሚቀር የነርቭ ህመምና የኤሌክትሪክ ሕክምናው

የአልማዝ ባለጭራ ቁስል ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ይደርቃል። ቅርፊቱ ይረግፋል። አንዳንዱ ሰው ግን ህመሙ አብሮ አይሄድለትም። ቆዳው ድኖም ቦታው ያቃጥላል፣ ይወጋል፣ አንዳንዴም ኮረንቲ እንደነካው ሰው ያስበረግገዋል። ይህ ከሦስት ወር ካለፈ ሐኪሞች ራሱን የቻለ ችግር አድርገው ያክሙታል። በተለይ በዕድሜ የገፉትን ያጠቃል።

ነገሩ የሚጀምረው ከብዙ ዓመት በፊት ነው። በልጅነት ጉድፍ ያስያዘን ቫይረስ ከሰውነት አይወጣም። ህብለ ሰረሰር አጠገብ ባሉ የነርቭ ቋጠሮዎች ውስጥ ተኝቶ ይከርማል። የሰውነት መከላከያ ሲደክም ይነቃና በአንድ ነርቭ መስመር ይወርዳል። ሽፍታው በአንድ ጎን ብቻ እንደ መቀነት የሚዞረው ለዚህ ነው። በመንገዱም ነርቩን ይጎዳዋል። የተጎዳ ነርቭ ደግሞ ማንም ሳይነካው ይጮኻል። የሸሚዙን ጨርቅ በሁለት ጣቱ ከደረቱ አርቆ የሚቀመጥ ታማሚ አለ፤ ጨርቁ ሲያርፍበት እንደ እሳት ይለበልበዋላ።

ታዲያ ኤሌክትሪክ እዚህ ምን ይሠራል? ነርቩን አይጠግንም፤ ይህን ገና ከመነሻው ማወቅ ደግ ነው። የሚያደርገው የህመሙን መልእክት ማደናቀፍ ነው። የህመም ተመራማሪዎቹ ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት ጽሑፍ ህብለ ሰረሰር ውስጥ ህመም የሚያልፍበት «በር» እንዳለ አስረዱ። ንክኪን የሚያደርሱት ወፍራም ነርቮች ሲነቁ በሩ ገርበብ ይላል። ጉልበታችን ከጠረጴዛ ሲጋጭ ወዲያው የምናሸው ያለ ነገር አይደለም። ሐሳቡ አዲስ ይምሰል እንጂ ሮማዊው ሐኪም ስክሪቦኒየስ ላርጉስ በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን ለራስ ምታት ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ዓሣ ያዝ ነበር!

ቀላሉ ዘዴ ቴንስ ይባላል። በእጅ የምትያዝ ባለ ባትሪ መሣሪያና ኤሌክትሪኩን የሚያደርሱ፣ ቆዳ ላይ የሚለጠፉ ኤሌክትሮዶች ናቸው። ብልሃቱ ያለው አለጣጠፉ ላይ ነው። ንክኪ የማይችለው ቆዳ ላይ ከተለጠፈ ህመሙን ያባብሰዋል። ስሜቱ የጠፋ ቆዳ ላይ ደግሞ ታማሚው የኤሌክትሪኩን ጉልበት መለካት ስለማይችል ቆዳው ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ከህመሙ ዳር፣ ደህና ስሜት ያለበት ቦታ ይመረጣል። ከዚያ ጉልበቱ ቀስ እያለ ይጨመራል። ጉንዳን የወረረው ያህል በደንብ ሲሰማ፣ ማመም ሳይጀምር ይቆማል። ብዙ ጊዜ የሚመረጠው በሰከንድ ከ50 እስከ 100 ምት (ሄርትዝ) ያለው ፍጥነት ነው። መሣሪያው ሲጠፋ እፎይታውም ብዙ ላይቆይ ይችላል። ስለዚህ እንደ ጋባፔንቲን፣ ፕሪጋባሊን ወይም አሚትሪፕቲሊን ያሉ የነርቭ ህመም መድኃኒቶች አጋዥ እንጂ ተተኪ አይደለም። ፔስሜከር፣ ማለትም የልብ ምት የሚያስተካክል መሣሪያ፣ የተተከለላቸው ሐኪም ሳያማክሩ እንዳይሞክሩት። አንገት ፊት ለፊትና ክፍት ቁስል ላይም አይለጠፍም።

መድኃኒቱ እምቢ ሲል ወደ ህብለ ሰረሰር ማነቃቂያ ይኬዳል። አሜሪካዊው የነርቭ ቀዶ ሐኪም ኖርማን ሺሊ የመጀመሪያውን እ.ኤ.አ. በ1967 ሰው ላይ ተከለ። ዛሬ ቀጭን ሽቦ በመርፌ ገብቶ ከህብለ ሰረሰር ሽፋን ውጪ ይቀመጣል። መጀመሪያ ለጥቂት ቀናት ይሞከራል። ህመሙ ቢያንስ በግማሽ ከቀነሰ ባትሪው ቆዳ ስር ይቀበራል። ሽቦው ከቦታው ሊንሸራተት፣ ኢንፌክሽንም ሊከተል ይችላል። ይህ የሙከራ ጊዜ ለእኔ የሕክምናው ምርጥ ክፍል ነው፤ ሰውየው ሳይቆርጥ ቀምሶ ያያል።

በቻይናና በጃፓን ሌላም መንገድ አለ። ህመሙ ገና ሥር ሳይሰድ ሽቦው ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ብቻ ገብቶ ይወጣል፤ ባትሪ አይቀበርም። ለዓመታት ከከረመ ህመም ይልቅ ትኩሱ ለሕክምናው የተሻለ ምላሽ እንደሚሰጥ የሚያሳዩ ጥናቶች ስላሉ፣ ቁስሉ ደርቆም ህመሙ አልለቅ ያለው ሰው ዓመት እስኪሞላው ባይጠብቅ ይሻለዋል።