ኮምፕሬሽን ካልሲ ምንድን ነው? ልኩስ እንዴት ይመረጣል?

ኮምፕሬሽን ካልሲ ቁርጭምጭሚት ላይ አጥብቆ የሚይዝ፣ ወደ ጉልበት ሲወጣ ደግሞ እየላላ የሚሄድ ካልሲ ነው። ከእግር ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ሽቅብ ነው የሚጓዘው። የሚገፋው ስንራመድ የሚኮማተረው የባት ጡንቻ ሲሆን፣ ተመልሶ እንዳይወርድ የሚይዙት በደም መልስ ሥሮች ውስጥ ያሉ ትንንሽ ቫልቮች ናቸው። ሥሩ ሲለጠጥ ቫልቮቹ አይገጥሙም፤ ደሙ ታች ይጠራቀምና እግር ማታ ማታ ያብጣል። ካልሲው ሥሩን ከውጭ ጨምቆ ያጠብበዋል። የተበላሸውን ቫልቭ ግን አይጠግንም፤ ሲወልቅ እብጠቱ ይመለሳል።

ማሸጊያው ላይ ያለው ቁጥር የደም ግፊት በሚለካበት በሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ቀኑን ቆሞ ለሚውል ወይም ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ድረስ ከ12 ሰዓት በላይ ለሚበር ጤነኛ ሰው ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ይበቃል። ከ20 እስከ 30 ያለው ቫሪኮስ (አብጦና ተጠማዞ ከቆዳ ሥር የሚታይ የደም መልስ ሥር) ወጥቶ እግሩ ለሚያብጥ ነው። ከ30 በላይ የሆነው ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይገዛም፤ ከ20 እስከ 30ውንም ቢሆን ሐኪም አይቶት ቢሆን ይሻላል። ከአውሮፓ የሚላክላችሁ ካልሲ «ክላስ 2» ብቻ የሚል ከሆነ ቁጥሩን ፈልጉ፤ በጀርመን ደረጃ ክላስ 2 ማለት ከ23 እስከ 32 ነው፣ በሌላ አገር ግን ይለያል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ልኩ ላይ ነው፤ በጫማ ቁጥር ይገዛል። የሚያስፈልገው የልብስ ሰፊ ሜትር ነው። ጠዋት ከአልጋ እንደተነሳችሁ፣ እግር ሳያብጥ፣ ከቁርጭምጭሚት አጥንት በላይ ያለውን ቀጭኑን ቦታ፣ ባት የሚወፍርበትን፣ ተቀምጣችሁም ከወለል እስከ ጉልበት መታጠፊያ ያለውን ርዝመት ለኩ። ሁለቱም እግር ይለካ፤ እኩል የማይሆንበት ጊዜ አለ። ቁርጭምጭሚቱ 23፣ ባቱ 38 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ሁለቱም ማሸጊያው ላይ ባለው ሰንጠረዥ አንድ ልክ ውስጥ መግባት አለባቸው። ባቱ ካለፈ «ትልቁን ልውሰድ» አይባልም፤ ባቱ ሰፋ ተደርጎ የተሠራ ሞዴል ይፈለጋል። ቁርጭምጭሚቱ ላልቶ ባቱ የጠበቀ ካልሲ ደሙን ታች ያፍነዋል።

ሲለበስ እስከ ተረከዙ ድረስ ወደ ውስጥ ይገለበጣል፣ እግር ይገባል፣ ተረከዙ ቦታውን ይይዛል፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ይሳባል። የወጥ ቤት የላስቲክ ጓንት እንዳይንሸራተት ይረዳል፣ ከጥፍርም ያድነዋል። ቫዝሊን ተቀብቶ ወዲያው መልበስ አይሆንም። ጫፉ ከጉልበት መታጠፊያ ሁለት ጣት ዝቅ ይበል። ሲረዝም ጫፉን ማጠፍ ትልቅ ስህተት ነው፤ የታጠፈው ቦታ ግፊቱ ተደርቦ እንደ ገመድ ያንቃል።

ሲራመድ ባቱን ይዞት ቆም ሲል የሚተወው ሰው፣ እግሩ የሚደነዝዝ የስኳር ሕመምተኛ እና ከባድ የልብ ድካም ያለበት ሳይመረመሩ አይልበሱ፤ ደም ቅዳው (ደም ከልብ ወደ እግር የሚያመጣው ሥር) የጠበበበትን እግር ካልሲው ጭራሽ ደም ያሳጣዋል። ጣቶች ከቀዘቀዙ ወይም ከጠቆሩ ወዲያው ይውለቅ። አንድ እግር ብቻ ድንገት አብጦ ካመመ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው።

ማታ ይወልቃል፣ በለብ ያለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ይታጠባል፤ በረኪና አይነካውም፣ የሚሰጣውም ጥላ ላይ ነው። በየቀኑ የሚለበስ ከሆነ በስድስት ወር ገደማ ላስቲኩ ይደክማል፤ እንደ ተራ ካልሲ ያለ ትግል መግባት ከጀመረ መቀየሪያው ደርሷል።