ጆሮ ጠቢው ጎረቤት ነበር፦ ስለ ደርግ ዘመን ቀበሌ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደብረ ብርሃን ውስጥ ቡና ላይ የደርግ ነገር ሲነሳ ልጆቹ ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰላይ ነው የሚታያቸው። ፊልም አበላሽቶናል መሰለኝ።

«ሰላዩ ከአዲስ አበባ ነበር የሚላከው።»

አብዛኛው የሠፈር ሰው ነው። የቀበሌው ሊቀ መንበር ስብሰባ ላይ እጅ ወጥቶለት የተመረጠ፣ እድር አብሮ የሚከፍል ጎረቤት። የሚያስፈራውም ለዚህ ነው። እንግዳ ሰው ማን ከማን እንደተጣላ በምን ያውቃል? ጎረቤት ግን ያውቃል። የቆየ የአጥር ጠብ «አናርኪስት» የምትል፣ የአብዮቱ ጠላት ማለት የነበረች ቃል ከተጨመረባት ሰው ታሳስር ነበር።

«ቀበሌ ለስለላ ተብሎ የተፈጠረ ነው።»

ቀበሌ የመጣው በሐምሌ 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ነው። ሥራው ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጥ ቤቶችን ማስተዳደርና ጥቃቅን ክርክር መዳኘት ነበር። የአብዮት ጥበቃ የሚባለው የቀበሌው የታጠቀ ቡድን ጠመንጃ በኋላ የመጣ ነው።

«ክትትል ማለት በር ሥር ቆሞ መስማት ነው።»

ዋናው መሣሪያ መዝገብ ነበር። ስኳርና ሳሙና ከኅብረት ሱቅ የሚታደለው በቤተሰብ ቁጥር ነው። ስለዚህ ቀበሌው በየቤቱ ስንት አፍ እንዳለ ያውቃል። የሚያድር እንግዳ ይመዘገባል። ከደብረ ሲና አዲስ አበባ ዘመድ ለመጠየቅ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል፤ የሚጽፈው ያው ቀበሌ ነው። ስብሰባ የቀረም ስሙ ይያዛል። ይሄ ሁሉ እያለ ጆሮ ምን ያደርጋል?

«ገጠሩ ተርፏል።»

መንዝም ተጉለትም ገበሬ ማኅበር ነበረ። የየካቲት 1967 አዋጅ አንዱን ማኅበር ቢያንስ በ20 ጋሻ መሬት ላይ ነው ያቋቋመው። መሬት የሚያከፋፍለው ኮሚቴ በኋላ ለብሔራዊ ውትድርና የማን ልጅ እንደሚሄድም ይመርጥ ነበር። እንዲህ ያለ ኮሚቴ ፊት ማን አፉን ይከፍታል?

«ከደርግ በፊት እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም።»

የመንደሩ ሹም ጭቃ ሹምስ? አፈርሳታስ? በአፈርሳታ ሌባ ሲጠፋ አገሩ ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪወጣ አይበተንም ነበር። ደርግ ወረቀትና ጠመንጃ ጨመረበት።

«የቀበሌ ሹም ሁሉ ጨካኝ ነበር።»

ይሄኛው ከባድ ነው። ጨካኝ ሞልቶ ነበር። አንዲት የሠፈራችን እናት ግን እንዲህ ይላሉ፦ አንድ ሹም ማታ በጓሮ መጥቶ «እትዬ፣ ልጁ ዛሬ እዚህ አይደር» ብሏቸው ሄደ። ልጁ ወጣ። ሌሊት ቤታቸውን ሊፈትሹ ከመጡት ፊት ፊት ያንኳኳውም እሱ ነበር።